ዳቦው ይድረቅ፣ እሳቱ ይብረድ፦ ስለ እሁድ ጠዋቱ ፍሬንች ቶስት የላካችሁልኝ ጥያቄዎች

ሰላም ውድ አንባቢዎቼ፣ እንዴት ከረማችሁ። ባለፈው እትም "እሁድ ጠዋት ቤታችሁ ምን ይበላል?" ብዬ ጠይቄ ነበር፣ ከመጡልኝ መልእክቶች ብዙዎቹ ፍሬንች ቶስት ፍሬንች ቶስት ይላሉ፣ አንዱ አሮበት፣ አንዷ ረጥቦባት፣ አንዱ ደሞ ሽታው አልጥም ብሎት። ስለዚህ ዛሬ አምዱን በሙሉ ለሱ ሰጥቼዋለሁ። ለማያውቀው ሰው በአጭሩ፣ ዳቦ በወተትና በእንቁላል ተነክሮ በቅቤ ሲጠበስ ነው ፍሬንች ቶስት የሚባለው፣ ነገሩ ቀላል ነው ግን ቀላል ነገር ደሞ ስህተትን አይደብቅም።

"እትየ ጤና ይስጥልኝ። ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ነው ምኖረው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የጋብቻችንን 10ኛ አመት ምክንያት አድርገን ከባለቤቴ ጋር ጣና ዳር አንድ ሆቴል ቁርስ በላን፣ ፍሬንች ቶስት አዘዝን፣ ወፍራም ነው፣ ከውጭ ቡኒ ብሎ ከውስጥ እንደ ክሬም ለስላሳ፣ ልጆቼም ይቅመሱት ብዬ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤት ሞከርኩት። ስላይስ ዳቦ የዛኑ ቀን ገዛሁ፣ 4 እንቁላል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት፣ ጣፈጥ እንዲል ግማሽ ብርጭቆ ስኳር፣ ዘይቱን በደንብ አግዬ ጠበስኩት። ከውጭ ጠቆረ፣ መሃሉ ጥሬ፣ ላነሳው ስል ይበጣጠሳል። ትንሹ ልጄ 'እማዬ ይሄ እኮ ኦምሌት ነው' አለኝ። ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት? ክሬም ምናምን ሳልገዛ ቤት ባለው ነገር የሆቴሉን አይነት ማውጣት ይቻላል?"

እታለሜ፣ ይቻላል፣ ከሆቴሉም የተሻለ ይወጣል። እኔ ይሄን አምድ ከመያዜ በፊት ሃይቁ ዳር አንድ ሎጅ ኩሽና ውስጥ 9 አመት ቁርስ ላይ ነው የሰራሁት፣ እና አንቺ የጻፍሽውን ሳነብ መጥበሻሽ ፊት ለፊት የቆምኩ ነው የመሰለኝ። ዳቦው ትኩስ ነው፣ ስኳሩ በዝቷል፣ እሳቱ ኃይለኛ ነው፣ ልጅሽም ልክ ነው፣ እንቁላሉ ለወተቱ በዝቷል።

ከዳቦው እንጀምር። ሰው ሁሉ ሚጨነቀው ስለ ወተቱና ስለ ቫኒላው ነው፣ ስራው ያለው ግን ዳቦው ላይ ነው። ትኩስ ዳቦ በራሱ ውሃ የያዘ ነው፣ ወተቱን ሚያስገባበት ቦታ የለውም፣ ከላይ ከላይ ይጠጣና ይላላል፣ ስታነሺው የተበጣጠሰብሽ ለዛ ነው። የደረቀ ዳቦ ግን እስከ መሃል ድረስ ይጠጣል፣ ቅርጹንም አይለቅም። ስለዚህ የእሁድ ቁርስ ሚጀመረው ቅዳሜ ማታ ነው። ዳቦውን ቆርጠሽ ሰፌድ ላይ ሳታነባብሪ ደርድሪው፣ ስስ ጨርቅ ጣል አርጊበትና ይደር። በፌስታል ታስሮ ያደረን ዳቦ ደረቀ እንዳትይ፣ እሱ ጠነከረ እንጂ ውሃው እዛው ውስጡ ነው ያለው። ክረምት ላይ ደሞ የኛ ከተማ የባህር ዳር አየር እርጥብ ነው፣ ሃይቁ አጠገብ ባለ ቤትማ ጨው ራሱ ማንኪያ ላይ ይጣበቃል፣ ያኔ ሰፌዱ ብቻ አይበቃም፣ ጠዋት ባዶ መጥበሻ ላይ በለስላሳ እሳት በየጎኑ 2 ደቂቃ ያህል አገላብጪው፣ ኦቨን ካለሽ 150 ዲግሪ ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። መጥቆር የለበትም፣ ላዩን ስትዳስሺው ደረቅ ይበል፣ መሃሉን ጫን ስትይው ግን ገና እሺ ይበልሽ።

ሆቴሉ ወፍራም ሆኖ ያየሽው ዳቦው ሳይቆራረጥ ተገዝቶ በአውራ ጣት ውፍረት፣ ማለት ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ፣ ስለተቆረጠ ነው። የፓኬት ስላይስ ስስ ነው፣ መሃል ሚባል ነገር ስለሌለው ከውስጥ ለስላሳ ሊሆን አይችልም። ፈረንጆቹ ብሪዮሽ ሚሉት ቅቤና እንቁላል ሊጡ ውስጥ የገባበት ዳቦ አላቸው፣ ለዚህ ምግብ አብዝተው ሚመርጡትም እሱን ነው፣ አንቺ ግን እሱን ፍለጋ ከተማውን መዞር አይጠበቅብሽም። እኔ ምመርጠውን ልንገርሽ፣ ድፎ ዳቦ። በኮባ የተጋገረ፣ ሁለተኛ ቀኑን የያዘ ድፎ፣ ከወፍራሙ ከመሃሉ የተቆረጠ። ጥቅጥቅ ስለሚል ወተቱን ተሸክሞ ይቆማል፣ ኮባው የተወበት ሽታ ደሞ ከቀረፋ ጋር ሲገናኝ ቤቱን ሁሉ ነው ሚያውደው። ብቻ ጥቁር አዝሙድ የበዛበት አይሁን፣ ከጣፋጭ ጋር ይጣላል።

ክሬም ሳልገዛ ላልሽው፣ ክሬሙ እኮ ቤትሽ አለ። ከሰፈር የላም ወተት ምትገዢ ከሆነ ቅዳሜ ማታ አንድ ሊትር በደንብ አፍልተሽ አፉ ሰፊ በሆነ ድስት ሳታማስይ አቀዝቅዢው፣ ሲበርድ ከድነሽ ፍሪጅ አስገቢው። ጠዋት ስትከፍቺው ላዩ ላይ ወደ ቢጫ ያደላ፣ የተሸበሸበ፣ ወፍራም ነገር ተኝቶ ታገኛለሽ፣ ስልባቦት። ልጅ ሆነን እናታችን ዞር ስትል በጣታችን እየላስን ምንጨርሰው እሱን ነበር። በማንኪያ ጠርዝ ጠርዙን አላቀሽ ሰብስቢው፣ ከትንሽ ወተት ጋር በሹካ እያሸሽ አሟሚው፣ ሚቀር ጓጓላ ካለ ግድ የለም በኋላ ይጠለላል። የፓኬት ወተት ላይ ይሄን ያህል ስልባቦት አትጠብቂ፣ ፋብሪካ ላይ ቅባቱ ደቆ እኩል እንዲበተን ስለሚደረግ ወደ ላይ አይወጣም።

ለ8 ወፍራም ቁራጭ እንዲህ ለኪ። 4 የፈረንጅ እንቁላል ሙሉውን፣ ከዛ በላይ የ2 እንቁላል አስኳል ብቻ፣ የሐበሻ እንቁላል ከሆነ ትናንሽ ስለሆኑና አስኳላቸውም ከነጩ አንጻር ደህና ስለሆነ 6 ሙሉውን ብታደርጊ ይሆናል። ወተት ከነስልባቦቱ ግማሽ ሊትር፣ መለኪያ ከሌለሽ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አለልሽ። ስኳር 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ከዛ አይለፍ፣ ጣፋጩን ከላይ በማር ትጨርሺዋለሽ። ቁንጥር ጨው፣ እንዳትተዪው። ቫኒላ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ የተፈጨ ቀረፋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ምግቡን ለስላሳና ወፈር ያለ ሚያረገው አስኳሉና የወተቱ ቅባት ነው፣ ነጩ ሲበዛ ነው ኦምሌት ኦምሌት ማለት ሚጀምረው።

ስትቀላቅይም ቅደም ተከተል አለው። ቀረፋ ወተት ላይ ብቻውን ከጣልሽው ይንሳፈፍና አንዱ ቁራጭ ላይ ብቻ ይለጠፋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ከስኳሩ ጋር ደባልቂው፣ እንቁላሉን በሱ ምቺው፣ ከዛ ለብ ያለ ወተት ቀስ እያልሽ ጨምሪ። ለብ ያለ ነው ያልኩት፣ ትኩስ ከሆነ እንቁላሉ እዛው ይረጋብሻል። መጨረሻ ላይ በወንፊት ወይም በሻይ ማጥለያ አጥልይው፣ የነጩ ክር ክር ሚለው ነገር እዛ ይቀራል። ልጅሽን ኦምሌት ያስባለው አንዱ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ሰፋ ያለ ትሪ ላይ ዳቦውን ደርድሪና ውህዱን አፍሺበት። የደረቀ ድፎ በየጎኑ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ስላይስ ዳቦ ከሆነ ግን ግማሽ ደቂቃ በቂው ነው። ሰአት ከማየት በላይ ጣትሽ ይነግርሻል፣ መሃሉን ቀስ ብለሽ ስትጫኚው ደረቅ እምብርት ካልተሰማሽ ደርሷል። አንስተሽ ለጥቂት ሰከንድ ይንጠባጠብ።

እሳቱ ጋ ስንመጣ አብዛኛው ሰው ሚሸነፈው እዚ ነው፣ ምክንያቱም ይርባል፣ ልጆች ይጮሃሉ፣ እሳቱ ከፍ ይላል። የወተትና የእንቁላል ውህድ ሚረጋው ወደ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፣ መጥበሻው ግን ከዛ እጅግ ይበልጣል፣ ስለዚህ ላዩ መቡነን ሲጀምር ሙቀቱ ገና መሃል አልደረሰም፣ ስኳር ሲበዛ ደሞ ይባስ ብሎ ቶሎ ይጠቁራል። መፍትሄው እሳቱን ዝቅ አርጎ መታገስ ነው። ስቶቭሽ 6 ቁጥር ካለው 2 ወይም 3 ላይ አርጊው። ግማሽ ቅቤ ግማሽ ዘይት ጣል አርጊ፣ ቅቤው አረፋ ይሰራል፣ አረፋው ጸጥ ሲል ዳቦውን አስገቢ። ድምጹን ስሚ፣ ሹክ ሹክ ሚል ድምጽ ነው ሚፈለገው፣ ከተንጫጫ እሳቱ በዝቷል። የመጀመሪያውን ጎን ክዳን አርገሽ 4 ደቂቃ፣ ገልብጠሽ ያለ ክዳን ሌላ 4 ደቂቃ። የበሰለ ፍሬንች ቶስት መሃሉ ላይ ትንሽ ያብጣል፣ በጣትሽ ነካ ስታደርጊው ይመለሳል፣ በቢላ ጫፍ ወጋ ብታደርጊው ወተት አይወጣውም። በየዙሩ መሃል መጥበሻውን በሶፍት ጥረጊውና አዲስ ቅቤ ጨምሪ፣ የበፊቱ ቅቤ ጥቁር ጥቁር ነጥብ ይተዋል መረር ይላል።

ከላዩ ማር፣ ማሩ ከጠጠረ ብርጭቆውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጠሽ አላይው፣ ጥቂት ጠብታ ሎሚ ብትጨምሪበት ደሞ ክብደቱን ይቀንሰዋል። ማንጎ በሚበዛበት ወቅት ማንጎ፣ ሌላ ጊዜ ሙዝ። አጠገቡ የዘጌ ቡና ካለማ እኔንም ጥሪኝ።

"ሰላም እህታችን፣ ፔዳ ግቢ ተማሪ ነኝ፣ ከ3 ጓደኞቼ ጋር ውጪ ቤት ተከራይተን ነው ምንኖረው። ያለን አንድ የከሰል ምድጃና አንድ መጥበሻ ነው፣ ፍሪጅ የለም፣ ወተት በየቀኑ አንገዛም፣ ዳቦም ከሱቅ ፉርኖ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ለየት ያለ ነገር ያምረናል፣ በዚህ ሁኔታ ይሰራል ወይስ ይቅርብን?"

ወንድምዬ አይቅርባችሁ። ፉርኖ እንደውም አንድ ጥሩ ጎን አለው፣ ሲያድር ቶሎ ነው ሚደርቀው። አርብ ማታ የተረፈውን አግድም ሳይሆን ሰያፍ አርጋችሁ በወፍራሙ ቁረጡት፣ ሰያፍ ሲሆን ገጹ ይሰፋል ወተቱም በደንብ ይገባል። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ግን ከስላይስ ዳቦ በላይ ይነከር፣ በየጎኑ 2 ደቂቃ።

ወተቱን በዱቄት ወተት ተኩት፣ እዚ ላይ አንድ ጥሩ ነገር አለ፣ ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ወፈር አርጋችሁ መበጥበጥ ትችላላችሁ፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 3 ሙሉ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ወተት ስትጨምሩ ስልባቦት ያለው ወተት ያህል ይወፍራል። ለ4 ሰው 3 እንቁላል፣ 2 የሻይ ብርጭቆ እንደዛ የተበጠበጠ ወተት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ቁንጥር ጨው። ቫኒላ ከሌለ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቢጫውን ብቻ፣ በቢላ ፍቃችሁ ጨምሩ።

ከሰሉ ነው ዋናው ችግራችሁ፣ ምክንያቱም ቁጥር የለውም ዝቅ አይደረግም። ከሰሉ በደንብ እስኪቀላ ጠብቁት፣ ከዛ መሃሉን ገለል አርጋችሁ ወደ ዳር ሰብስቡትና አመድ አልብሱት። እናቶቻችን ቡና ሲቆሉ እንዴት እንደሚያደርጉ አይታችሁ የለ፣ እንደዛው ነው። እጃችሁን ከመጥበሻው አንድ ስንዝር ከፍ አርጋችሁ ያዙ፣ እስከ 5 ቆጥራችሁ ካላቃጠላችሁ እሳቱ ደህና ነው፣ በ2 ካነሳችሁ ገና ነው። እንቁላሉን የዛኑ ቀን ጠዋት ሰብራችሁ የዛኑ ሰአት ጨርሱት፣ ፍሪጅ በሌለበት የተረፈ ውህድ ለነገ አይባልም።

"ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ጡረታ የወጣሁ አባት ነኝ፣ ጣና ክፍለ ከተማ ነዋሪ። ልጄ ከ6 አመት በኋላ ከውጭ አገር ለእረፍት መጥታ እዛ የለመደችውን ቁርስ ልስራላት ብዬ በማለዳ ተነሳሁ፣ ጎረቤት ያለች ልጅ አሰራሩን ነግራኝ ነበር። እሳቱንም በረድ አድርጌ፣ ዳቦውንም አድርቄ፣ መልኩ አምሮ ወጣ። ስንቀምሰው ግን ወጥ ወጥ ይላል። ልጄ ለኔ ስትል በላችው፣ እኔ ግን ቅር አለኝ። የቤቱን ጥሩ ንጥር ቅቤ ነው የተጠቀምኩት። ልጄ ልትሄድ ጥቂት ቀን ነው የቀራት፣ አንድ ጊዜ አስተካክዬ ላበላት እፈልጋለሁ።"

አባቴ እንደምን ከረሙ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት፣ እግዜር ያክብርልኝ። እርስዎ የሰሩት ስራ ላይ አንዳች ስህተት የለም፣ እሳቱንም ዳቦውንም ልክ ነው ያደረጉት፣ ቅቤው ብቻ ነው ለሌላ ስራ የተዘጋጀው። የቤቱ ንጥር ቅቤ ኮሰረት አለው፣ በሶብላ አለው፣ እርድ አለው፣ ብዙ ቤት ደሞ ነጭ ሽንኩርትም ይገባበታል። እነዚህ ሁሉ ለዶሮ ወጥ ክብር ናቸው፣ ከቫኒላና ከማር ጋር ግን አይስማሙም።

ነገር ግን ማንጠሩ ራሱ ትክክል ነው፣ እንደውም ለዚህ ምግብ ከሁሉ የተሻለው ንጥር ቅቤ ነው። ያልተነጠረ ቅቤ ውስጥ ያለው የወተት ዝቃጭ ነው ቶሎ ሚያርረው፣ እሱ ከወጣ ቅቤው ረጅም ጊዜ እሳት ይችላል። ስለዚህ ገበያ ወጥተው ሩብ ኪሎ ለጋ ቅቤ ይግዙ፣ ቅመም የሚባል ሳያስገቡበት በትንሽ ድስት በቀስታ ያቅልጡት፣ ላዩ ላይ ሚወጣውን ነጭ አረፋ በማንኪያ ያንሱት፣ ጠርቶ እንደ ማር ሲሆን ዝቃጩን ሳያነቃንቁ ቀስ ብለው ወደ ብርጭቆ ይገልብጡት። ትንሽ መአዛ ካሰኘዎት 3 ወይም 4 ፍሬ ኮረሪማ ብቻ ሰንጠቅ አድርገው አብረው ያሙቁት፣ ኮረሪማ ከጣፋጭ ጋር ይስማማል፣ ከቀረፋም ጋር ዘመድ ነው።

የተረፈዎትን የቤቱን ቅቤ ደሞ አይዘኑበት። አንድ ቀን ስኳሩንና ቫኒላውን ይተዉትና እንቁላልና ወተቱ ላይ ጨው ጨምረው፣ ዳቦውን ነክረው በዛው በንጥር ቅቤዎ ይጥበሱት፣ ከላዩ አይብ ፈርፈር፣ ሚጥሚጣ ነስነስ ያድርጉበት። እኔ ሎጁ እያለሁ ለሰራተኞች ቁርስ እንደዚህ እሰራ ነበር እና ከእንግዶቹ ጣፋጭ ይልቅ እሱ ቀድሞ ነበር ሚያልቀው። ለልጅዎ ሁለቱንም ቢያበሏት ደስ ይለኛል፣ መጀመሪያ የሷን አገር ቁርስ፣ በማግስቱ የእርስዎን።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ፣ ለልጅዎም ያጫውቷት። ፈረንሳዮች ይሄን ምግብ ፓን ፔርዱ ነው ሚሉት፣ የጠፋ ዳቦ ማለት ነው፣ ሊጣል የነበረ የደረቀ ዳቦ ማዳኛ ስለሆነ። ከነሱም በፊት ከጥንት ሮማውያን የተረፈ የምግብ አሰራር ጽሑፍ ላይ ነጭ ዳቦን ወተት ውስጥ ነክሮ ጠብሶ ማር ማፍሰስ ይገኛል። የኛም እናቶች ያደረ ዳቦ አይጥሉም፣ ፍርፍር ያደርጉታል፣ እና እርስዎ በማለዳ ተነስተው የሰሩት ስራ የቆየ ስራ ነው አባቴ።

"ጾም ላይ ቅዳሜና እሁድም ከወተትና ከእንቁላል ውጪ ነው፣ ልጆቹ ባይጾሙም እኔና እናቴ እንጾማለን። የጾም ፍሬንች ቶስት ሲባል ሰምቼ በሙዝ ብቻ ሞከርኩት፣ መጥበሻው ላይ ተጣብቆ ቀረ። ከበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ።"

እህቴ፣ ሙዝ ብቻውን ስኳር ነው፣ ስኳር ደሞ መጥበሻ ላይ ይጣበቃል። የእንቁላሉን ስራ፣ ማለት መያዝና መርጋቱን፣ ሚሰራ ነገር ያስፈልግሻል፣ እሱም የሽምብራ ዱቄት ነው። ሽሮ አይደለም ያልኩት፣ ቅመም የሌለው ንጹህ የሽምብራ ዱቄት። ለ6 ቁራጭ 3 የሾርባ ማንኪያ ሙሉ የሽምብራ ዱቄት፣ ግማሽ በጣም የበሰለ ሙዝ ድቅቅ ያለ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ፣ ቁንጥር ጨው፣ ቀረፋ፣ እና 300 ሚሊ ሊትር የኦቾሎኒ ወተት። ከተበጠበጠ በኋላ 10 ደቂቃ ይቀመጥ፣ ተልባውና ዱቄቱ ውሃ ጠጥተው ወፈር ይላሉ።

የኦቾሎኒ ወተቱ ቤት ይሰራል፣ አንድ ብርጭቆ ጥሬ ኦቾሎኒ ማታ ዘፍዝፈሽ ጠዋት ልጣጩን አሽተሽ አውጪ፣ ከ3 ብርጭቆ ውሃ ጋር በጁስ መፍጫ ፍጪው፣ በንጹህ ነጠላ ጨርቅ ጨምቀሽ አጥልይና እያማሰልሽ አፍይው። ጥሬውን አትጠቀሚ፣ የባቄላ ባቄላ ጣእም ይኖረዋል። ሚያሳስብ ነገር ካለ ደሞ የዳቦው ነገር ነው፣ አንዳንድ ዳቦ ቤት ሊጡ ውስጥ ወተት ይጨምራል፣ ጠይቀሽ ግዢ። በዘይት ጥበሺው፣ እሳቱ ከእንቁላሉ ትንሽ ሞቅ ይበል፣ ጊዜውም በየጎኑ 5 ደቂቃ፣ ምክንያቱም ሽምብራ ካልበሰለ ጥሬ ጥሬ ይላል። እና ቶሎ ለመገልበጥ አትቸኩይ፣ ራሱ ከመጥበሻው ሲላቀቅልሽ ነው ሚገለበጠው።

"የልጄ ክርስትና ቅዳሜ ነው፣ አክስቶቼ ከዳንግላና ከደብረ ታቦር መጥተው እኛ ጋ ያድራሉ፣ እሁድ ጠዋት ለ12 ሰው ቁርስ ማቅረብ አለብኝ። አራስ ነኝ፣ መጥበሻ ፊት አንድ ሰአት መቆም አልችልም። ማታ አዘጋጅቼው ማደር ይችላል? ኦቨን አለኝ። መብራት ግን አይታመንም።"

እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ፣ ልጅሽን ያሳድግልሽ። በመጀመሪያ ደረጃ አንቺ እንዳትነሺ፣ እህትሽ ወይም ጎረቤት ይስራው፣ ይሄን ገጽ ስጪያት። አዎ ይችላል፣ እንደውም ለብዙ ሰው በመጥበሻ ተጠብሶ አይዘለቅም፣ የመጀመሪያው ሲበርድ የመጨረሻው ገና ነው። በትሪ ይጋገራል።

ከላይ ለመጀመሪያዋ እህታችን የጻፍኩትን ልክ እጥፍ አድርጊው፣ ማለት 8 እንቁላል፣ 4 ተጨማሪ አስኳል፣ 1 ሊትር ወተት፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ቀረፋና ቫኒላውም እንደዛው። ለ16 ቁራጭ ዳቦ ይሆናል፣ ለክርስትናው ከሚቆረሰው ድፎ አንዱን ሳይነካ አስቀሩት፣ ጠዋት ቆርጠው ሰፌድ ላይ ያድርቁት፣ እስከ ማታ ይደርስላችኋል። ማታ ሁለት ትሪ ቅቤ ቀብታችሁ ቁራጮቹን እንደ መጽሐፍ አንዱን በአንዱ ላይ ጋደም እያረጋችሁ ደርድሩ፣ ውህዱን ከላይ አፍሱበት፣ በማንኪያ ጀርባ ቀስ ብላችሁ ጫን ጫን አርጉት፣ ሸፍናችሁ ፍሪጅ። ጠዋት ኦቨኑን 180 አርጉት፣ ትሪው ከፍሪጅ ወጥቶ ግማሽ ሰአት ይቀመጥ በተለይ የመስታወት ከሆነ፣ አለበለዚያ ሙቀት ሲነካው ይሰነጠቃል። በፎይል ተሸፍኖ 25 ደቂቃ፣ ከዛ ፎይሉ ተነስቶ ላዩ ላይ የቀለጠ ቅቤና ትንሽ ስኳር ነስነስ ተደርጎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ጠርዙ ቡኒ ብሎ መሃሉ እስኪያብጥ።

ስለ መብራቱ ልክ ነሽ መስጋትሽ። ሌሊት ከጠፋ ፍሪጁን ማንም አይክፈተው፣ ካልተከፈተ ለ4 ሰአት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዛ በላይ ጠፍቶ ካደረና ትሪው ሲነካ ቅዝቃዜው የለቀቀ ከሆነ አትሳሺ፣ እንቁላልና ወተት ነው፣ አራስና ህጻን ያለበት ቤት ነው፣ ይደፋ። እኔ በናንተ ቦታ ብሆን ዳቦውን አድርቄ ብቻ አሳድርና እንቁላሉን ሳልሰብር፣ ወተቱን አፍልቼ አስቀምጬ፣ ጠዋት 12 ሰአት ላይ መብራቱን አይቼ ነው ምደባልቀው፣ ለመጠጣቱ አንድ ሰአት ይበቃዋል፣ መብራት ከሌለ ደሞ ሁለት የከሰል ምድጃና ሁለት መጥበሻ ተይዞ በመጥበሻ ይሰራል። ትሪው ከኦቨን ሲወጣ 10 ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጥ፣ ወዲያው ከተቆረጠ መሃሉ ይፈሳል፣ ሲረጋ ግን በሰፊ ጭልፋ ቁራጭ ቁራጩን ሙሉ ሙሉውን ያነሳሉ። ለአንቺ ከመሃል ያለውን ለስላሳውን ያስቀሩልሽ።